የጋሼ ንጉሤ ኪስ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም። ሚስቴ አታውቅም። ኦቤትስ በሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ለዓመታት አብሮኝ ፎርክሊፍት የነዳው፣ የደም ግፊቴን ቁጥር ሳይቀር በቃሉ የያዘው ጓደኛዬ አያውቅም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ ጉዳያችንን በቀጥታ ከላይ ጋር እንጨርሳለን እንላለን። እኔም በቀጥታ ብዬ ብዬ ደከመኝ። ጸልዬ ስነሳ ነገሩ እዚያው ከጉልበቴ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ዛሬ እናንተን፣ የምታነቡትን፣ የንስሐ አባት ላደርጋችሁ ነው። ቀኖና ብትሰጡኝም አልከራከርም።

ጥፋቴ ሲሰሙት ትንሽ ነው። አልገደልኩም፣ አልሰረቅሁም። ለዳክዬ አደን ጥይት ግዛ ተብዬ በጊዜው ሳልገዛ ቀረሁ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገርኩ። የተናገርኩት ነገር የአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠራ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ሽማግሌው ጋሼ ንጉሤ ናቸው። ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከሃይ ስትሪት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በረንዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ አሮጌ ቤት ነበራቸው። ለከተማው አዲስ ሳለሁ ምድር ቤቱን አከራዩኝ፤ አግብቼ ስወጣም ዝምድናችን አብሮኝ አልወጣም። ጡረታ እስኪወጡ አውቶቡስ ይነዱ ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ማርታ ናት፤ ግሮቭ ሲቲ ትዳር ይዛ ትኖራለች። ጋሼ ጥብቅ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኔን "አንተ ጴንጤ" ነው የሚሉኝ። ብሩክ ብለው በስሜ የጠሩኝ ቀን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

አደን ያስተማሯቸው የጎናቸው ጎረቤት የነበሩ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። ሰውየው ሲሞቱ ጠመንጃቸውን ለጋሼ ተዉላቸው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ጋሼ ዳክዬ አይበሉም። ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ ወፍ በእሳቸው ሃይማኖት አይበላም። የመቱትን ሁሉ ላባውን ነቅለው፣ ሆዱን አጽድተው፣ ለሟቹ ጎረቤት ሚስት ለሚስ ዶሪስ ይወስዱላቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰዎች "የማይበሉትን ለምን ይገድላሉ?" እያሉ ሲያሾፉባቸው ጋሼ ፈገግ ብለው "እኔ የምሄደው ለጭጋጉ ነው" ይላሉ።

እውነታቸውን ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ረግረግ ላይ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት፣ ቄጤማው መሀል እስከ ጉልበታችን ውሃ ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ ዓለም ገና ያልተወሰነ ነገር ይመስላል። ውሃው የት እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ ከየት እንደሚጀምር አይታይም። ከጎኔ የቆሙት ጋሼ እንኳ አንዴ ሰው፣ አንዴ የዛፍ ጉቶ ይሆናሉ። ክንፍ ይሰማል፣ ወፉ ግን የለም። እንቅልፍ ሳይሆን፣ ንቃትም ሳይሆን፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነበር። ያን ጊዜ ጋሼ ቀስ ብለው በአፍንጫቸው ያዜማሉ፤ እኔም ጸሎት ይሁን ዘፈን ሳልጠይቃቸው እሰማለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ደስተኛ ነበርኩ። ይህን የምነግራችሁ ምን እንዳጠፋሁ እንድታውቁ ነው።

ስለ ጥይቱም ትንሽ ላስረዳ፣ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በዚህ አገር የውሃ ወፍ በእርሳስ ጥይት አይታደንም፤ ክልክል ነው። እርሳሱ ውሃው ሥር ይወድቃል፣ ወፎቹ ጠጠር መስሏቸው ይለቅሙታል፣ ይመረዛሉ። ስለዚህ ቀለሁ ውስጥ ያለው ፍሬ ብረት መሆን አለበት። ብረት ደግሞ ቀሊል ነው። ጉልበት የሌለውን ርካሽ ጥይት የገዛ ሰው ወፉን አቁስሎ ይለቀዋል፤ እርጥበት የገባበትን የገዛ ደግሞ ቃታውን ስቦ "ጠቅ" ሲል ሰምቶ ይቀራል። ጥሩው ውድ ነው። ርካሽም አስተማማኝም የሆነውን ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ያ ሙያ የእኔ ነበር። የአደን ወቅት ሲያልቅ፣ የበረዶው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ሱቆች የተረፋቸውን በቅናሽ ይሸጣሉ፤ ያን ጊዜ በካርቶን ገዝቼ ደረቅ ቦታ አስቀምጣለሁ። ጋሼ ሰው ፊት "ይሄ ጴንጤ ከድንጋይ ቅናሽ ያወጣል" ሲሉልኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ያን ዓመት ረሳሁ።

ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። የረሳሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ልጃችን ተወለደች፣ መጋዘኑ ኦቨርታይም አበዛ፣ የቅናሹ ጊዜ እንደ ዋዛ አለፈ። በጋው ላይ፣ ጋሼ እጃቸው እንዳይፈታ የሸክላ ዒላማ ሊተኩሱ አብረን ሄደን፣ "ጥይቱ ገብቷል አይደል?" አሉኝ። "ገብቷል ጋሼ፣ ምን ያሳስብዎታል" አልኳቸው። ለምን ዋሸሁ? ምን ይሉኝ ነበር? ስቀው ያልፉኝ ነበር። ግን ቅናሽ አዋቂው እኔ፣ ረሳሁ ማለት አሳፈረኝ።

መኸር ገባ። የነቢያት ጾም ከያዘ ጋሼ ጠመንጃ አይነኩም፤ "በጾም ደም አላፈስም" ይላሉ። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ቅዳሜ ለእሳቸው የዓመት በዓል ናት። እኔ ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ሱቅ ለሱቅ ስዞር መደርደሪያው ባዶ ነው። የቀረው ለሸክላ ዒላማ የሚሆነው የእርሳስ ጥይት ብቻ። ተስፋ ቆርጬ ስመለስ ግሮቭ ሲቲ አጠገብ የአንድ የሞተ ሰው ዕቃ ግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ሲሸጥ አየሁ። ጋራዡ ውስጥ በቀለም ባልዲ የተሞላ፣ ካርቶን የሌለው ጥይት ነበር። የሟቹ ልጅ "አባዬ ዳክዬ ብቻ ነበር የሚያድነው" አለኝ። አንዳንዱ ቀለህ ላይ ብረት መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ ይነበባል፤ አንዳንዱ ላይ ተፍቆ ጠፍቷል። የጠፋበትን አየሁት። አይቼ ገዛሁት።

ፍሪጃችን ላይ ማግኔት አለ። የልጄን የክትባት ቀጠሮ ይዞ የሚኖር ማግኔት። ከእያንዳንዱ ጥይት ጎን ጠጋ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ብረቱን ይስባል፣ እርሳሱን አይስብም። ሻይ ፈልቶ እስኪወርድ ያልቅ ነበር። አላደረግሁትም። ያለፈውን ዓመት ባዶ ካርቶን አወጣሁ፣ የባልዲውን ጥይት ደርድሬ ሞላሁት፣ ክዳኑን ዘጋሁት። ካለፈው ዓመት የተረፉኝ ጥቂት ጥይቶች ነበሩኝ፤ እነሱን የራሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ለምን የማውቃቸውን ለራሴ አስቀረሁ? ካልጠረጠርኩ ለምን? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፣ ስንት ጊዜ መልሱን እያወቅሁ ዞሬ አልፌዋለሁ።

ጠዋት መኪና ውስጥ ካርቶኑን ስሰጣቸው ጋሼ ክዳኑን መታ መታ አድርገው "አንተ ጴንጤ፣ የእናንተ ጸሎት ለጥይት ይሠራል" አሉ። ጥይቱን በሁለት ኪሳቸው ሞሉት።

ያን ቀን ጭጋጉ የተለየ ነበር። ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ጋሼ ሁለት ዳክዬ ጣሉ፤ ድምፁ ራሱ ጭጋጉ ውስጥ ሰምጦ የሩቅ በር የተዘጋ ያህል ነው የተሰማኝ። ከዚያ ከቄጤማው ጀርባ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማንና አንድ የዱር አራዊት ጥበቃ ሠራተኛ ብቅ አለ፤ እሱም እንደ እኛ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ። ጨዋ ልጅ ነበር። ሰላም ብሎን ፈቃዳችንን አየ፣ ጠመንጃችንን አየ፣ ጥይት እንድናሳየው ጠየቀ። የእኔን አየ፣ መለሰልኝ። የጋሼን በመዳፉ ይዞ ትንሽ ማግኔት ከኪሱ አወጣ። አንደኛው ተሳበ። ሁለተኛው ተሳበ። ሦስተኛው ዝም አለ። አራተኛውም።

ጋሼ መዳፉን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። መጠርጠር አልነበረም። መንገድ የጠፋው ሰው አጠገቡ ያለውን እንደሚያይ ነው ያዩኝ። "ይሄ ከየት መጣ?" አሉ በአማርኛ።

እንግዲህ ያችን ደቂቃ ነው የምናዘዝላችሁ። አፌ ውስጥ እውነቱ ነበር፤ "እኔ ነኝ" ማለት ነበር። ቅጣት ምናልባት፤ እፍረት በእርግጥ። ሌላ ምን? ሌላ ምንም። እኔ ግን እንዲህ አልኩ፦ "ጋሼ፣ በበጋ ሸክላ የተኮሱበት ይሆናል እኮ። ኪስዎን ሳያራግፉ ረስተውት ነው።"

አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ጭጋጉ አላለም፣ ሰይጣን አላለም፣ እኔ በገዛ አፌ አልኩ።

ጋሼ ኪሳቸውን በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ልጁ ዞሩና በእንግሊዝኛ "የእኔ ስህተት ነው። አርጅቻለሁ" አሉት። ልጁ እያዘነ የቅጣት ቲኬቱን ጻፈላቸው።

ስንመለስ መኪናውን እኔ ነዳሁ። ጋሼ በመስኮቱ በኩል የታጨደውን የበቆሎ ማሳ ሲያዩ ቆዩና "ኪሴን አራግፌ ነበር" አሉ። "ጃኬቱን ገልብጬ፣ በረንዳው ላይ አራግፌ፣ ከዚያ ነው የሰቀልኩት። በደንብ ነው የማስታውሰው።" ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ ማለት ነው። እግዚአብሔር ለሁለተኛ ጊዜ በሩን ከፈተልኝ። እኔም "ሰው እኮ ነን ጋሼ፣ እንረሳለን" አልኩና ዘጋሁት። ቤታቸው በር ላይ ሲወርዱ "አመሰግናለሁ ብሩክ" አሉኝ። ብሩክ አሉኝ።

የተረፈውን ካርቶን "እርጥበት እንዳያገኘው እኔ ጋ ይቀመጥ" ብዬ ወሰድኩባቸው። ጋራዤ ውስጥ ቆሜ ያን ጊዜ ማግኔቱን አመጣሁ። ጉድ እኮ ነው፣ ያን ጊዜ አመጣሁት! ግማሹ ተሳበ፣ ግማሹ አልተሳበም። ስለዚህ አላውቅም ነበር የምትለዋ መደበቂያ ከዚያ ከሰዓት ወዲህ የለችኝም።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ራሳቸውን መፈተን ጀመሩ። ምድጃ አጥፍተው ይወጡና ከመንገድ ተመልሰው ያያሉ። በር ቆልፈው ይሄዱና ተመልሰው ይገፉታል። ስልክ ሲደውሉልኝ "ይሄን ነግሬህ ነበር?" ብለው ይጀምራሉ። የአውቶቡስ መስመሮቻቸውን ፌርማታ በፌርማታ በቃላቸው ይወጡ ነበር፤ አንዱ ሲጠፋባቸው ላብ ያጠምቃቸዋል። ራሱን ሃያ አራት ሰዓት የሚጠብቅ ሰው እንዴት አይሳሳት? አንድ ቀን ከመፈተናቸው ብዛት ደክመው ድስት እሳት ላይ ረስተው ተኙ፤ ጭሱን ያየችው ልትጠይቃቸው የመጣችው ማርታ ናት።

ማርታ ደወለችልኝ። "ብሩኬ፣ እውነቱን ንገረኝ" አለች። "አባዬ የዚያን ቀን ሀንቲንግ ላይ ፎርጌት አድርጎ ነው አይደል? ቲኬቱን አይቻለሁ። ለዶክተሩ ልነግረው ነው። አይ ኒድ ቱ ኖው፣ ማወቅ አለብኝ።" ሦስተኛው በር ይሄ ነበር። "አዎ" አልኳት። "ትንሽ ይረሳሉ።" ከስልኩ ማዶ ስታለቅስ ሰማሁ፤ እኔም አጽናናኋት። እኔ ማርታን አጽናናኋት!

የመኪናው ቁልፍ ተወሰደባቸው። ጠመንጃው ተሸጠ። በረንዳው ያዘነበለው ቤትም ተሸጠና ጋሼ ወደ ግሮቭ ሲቲ ተዛወሩ። ዕቃ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አልተከራከሩም። ከማንም ጋር የማይስማሙት ጋሼ ንጉሤ፣ "እናንተ ታውቃላችሁ" አሉ። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። የሰጡን ቁልፉን ብቻ አልነበረም፤ በራሳቸው ላይ የነበራቸውን እምነት አስረክበውን ነው የሄዱት።

ዓመታት አለፉ። አሁን በእውነት ይረሳሉ። ሐኪሞቹ በሽታ ነው ይላሉ፣ ያው መምጣቱ አይቀርም ነበር ይላሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከዚህ ደግነት አልጠለልም። ቢመጣ እንኳ በራሱ ጊዜ ይመጣ ነበር። ገና ሳይመጣ በር ከፍቼ የጠራሁት እኔ ነኝ። ስንት የጭጋግ ጠዋት ነጠቅኋቸው? ስንት ቅዳሜ?

ከማርታ ቤት ጀርባ ለዝናብ ውሃ የተቆፈረ ኩሬ አለ፤ ከኩሬው ማዶ የመጋዘኖች ነጭ ግድግዳ ይታያል። ብርድ ሲመጣ ዳክዬዎች ያርፉበታል። ጋሼ ወንበራቸውን መስኮቱ ጋ አስጠግተው ቀኑን ሙሉ ያዩዋቸዋል። ባለፈው መኸር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ ብቻቸውን ነበሩ፤ ማርታ ገበያ ወጥታለች። ከኩሬው ላይ ስስ ጭጋግ ተነስቷል። ዞር ብለው አዩኝና ዓይናቸው ጠራ፤ እንደ ድሮው ጠራ። "አንተ ጴንጤ" አሉኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ሁሉንም። የረሳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ባልዲውን፣ ካርቶኑን፣ ለራሴ ኪስ ያስቀረሁትን፣ ማግኔቱን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙና በጣም በዝግታ ጠየቁኝ፦ "እንግዲያ ያኔ ደህና ነበርኩ?"

"ደህና ነበሩ ጋሼ። ኪስዎን አራግፈው ነበር።"

"አራግፌ ነበር" አሉ። "ጃኬቱን ገልብጬ፣ በረንዳው ላይ።" እንባቸው ወረደ፣ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር፤ ለብዙ ዘመን የጠፋበትን ዕቃ ያገኘ ሰው ፊት። አልተቆጡኝም። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉኝ። እኔም ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አለቀ ብዬ ነበር። ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ዳክዬዎቹ ከኩሬው ተነሱ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው እስኪጠፉ ድረስ በዓይናቸው ተከተሏቸው። የበሩ ድምፅ ተሰማና ማርታ ከገበያ ገባች፤ ኮቷን ሳታወልቅ አባቷን ግንባራቸው ላይ ሳመቻቸው። ጋሼም ወፎቹን እያሳዩዋት፣ በዚያው በጠራ ድምፅ ነገሯት፦ "እኔም እኮ አዳኝ ነበርኩ። አንድ ቀን ኪሴን ሳላራግፍ ሄጄ እርሳስ ተገኘብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ጭንቅላቴ የከዳኝ። ይሄ ልጅ ነው ያስታወሰኝ። ብሩክ ነው ስሙ።"

የተናዘዝኩት ጠፍቷል። ይቅርታቸው ጠፍቷል። የእኔ ውሸት ብቻ፣ አንዲት ፊደል ሳትጎድል፣ እዚያው ተቀምጣለች። ማርታ እጄን ያዘችና "አንተ ባትኖርለት ምን ይውጠው ነበር" አለችኝ። እኔም፣ ከጉልበታቸው ገና መነሳቴ፣ ፊቴ ገና እንባ ሳይደርቅበት፣ ዝም አልኩ።

የሰጡኝን ይቅርታ እሳቸው ስለማያስታውሱት እኔም ይዤዋለሁ ብዬ አልመጣም። በድካም አላመካኝም፣ በልጄ መወለድ አላመካኝም፣ በባዶ መደርደሪያ አላመካኝም። እናንተንም ማሩኝ አልላችሁም። የምለው ላንቺ ነው፣ ማርታ፤ ይህን ስታነቢ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ሂጂና ለእሳቸው ንገሪያቸው፤ ቢረሱት ነገም ንገሪያቸው፤ በየቀኑ ንገሪያቸው። የረሳሁት እኔ ነኝ። አባትሽ ያን ዓመት ጃኬታቸውን ገልብጠው፣ በረንዳው ላይ፣ ኪሳቸውን አራግፈው ነበር።